የማያሳብቅ ስልክ

አዳማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠየቀኝ! ኡበይዴ፣ መሐመድዘይን ጠየቀኝ፤ እኔም ዐይኔን ሳላሽ እሺ አልኩት! በአርባ ስምንት ዓመቴ ሙሽራ ልሆን ነው። መሳቅ ካማረህ ሳቅ፤ እኔ ራሴ ከእሁድ ጀምሮ ስስቅ ነው የሰነበትኩት። ደንበኛ ጥቁር ሻሽ ስትጠይቀኝ ቀዩን አውጥቼ እሰጣለሁ።

ይቅርታህን፣ ደስታው ሰላምታውን ቀደመው። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ፣ የአጎቴ ልጅ፣ የወንድሞቼ ምትክ። የሻርጃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ባለቤትህ ዋፊቃ ደህና ናት? ልጆቹስ? አላህ በሰው አገር ከክፉ ዐይን ይሰውራችሁ።

መሐመድዘይን ማን ነው ትል ይሆናል። የባቱ ሰው ነው። ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ በበረዶ አድርጎ፣ በአይሱዙው ጭኖ በሳምንት ሦስቴ አዳማ ይመጣል። ሚስቱን አፈር ካለበሰ አምስት ዓመቱ ነው። ከሱቄ ለእህቱ ሻሽ ገዛ፤ በሳምንቱ «ቀለሙ አልሆናትም» ብሎ መለሰው። ቀየርኩለት። ደግሞ መለሰው። በሦስተኛው «ስማ ወንድሜ፣ ያልወደደችው እህትህ ናት ወይስ አንተ ነህ?» ብለው እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲያ ሻሹን ትቶ ሻይ ሊጠጣ ብቻ መምጣት ጀመረ። ባለፈው እሁድ ላንጋኖ ወሰደን። ወሰደን ነው ያልኩት፤ ጎረቤቴ በድሪያም ነበረች፣ ሌላ ነገር እንዳታስብ። እዚያ ውሃው ዳር ቆሞ ጠየቀኝ።

አባቴም ወንድሞቼም በሕይወት የሉም፤ የምትድረኝ ወሊዬ አንተ ነህ። ያላንተ ኒካሕ አይታሰርልኝም። መምጣት ካልቻልክ ውክልናህን ጽፈህ ላክልኝ።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት አብዱልጀባር ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሟቹን የባለቤቴን ታላቅ ወንድም መቼም አትረሳውም፣ የሚኒባሶቹን ባለቤት። «የላንጋኖ ነፋስ እንዴት ነበር?» አለኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ለሰው አልተነፈስኩም! በድሪያም ወላሂ አፌን አልከፈትኩም ትላለች። ባለፈው ወርም ቡልቡላ ለገበያ ወርጄ ስመለስ «ፀሐዩ አከሰለሽ» ብሎኛል።

ስልኩ ነው፣ ኡበይዴ። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እሱ ራሱ ገዝቶ፣ ስልክ ቤት ወስዶ ኢሜይል አስከፍቶ «በይ ያዢ» ያለኝ ስልክ። ያሳብቃል። ሰላይ በቦርሳዬ አዝዬ የምዞር ነው የሚመስለኝ። ሱቅ ስዘጋ በሻሽ ጠቅልዬ ሩዝ ጆንያ ውስጥ እከተዋለሁ።

ስለዚህ በወረቀት እንጻጻፍ። በድሪያ የሚሸጥ ልብስ ልታመጣ እናንተ አጠገብ ዱባይ ትመላለሳለች፤ በእሷ እጅ ላክ። እንዳትደውል። አንተ ስልክ ስትጠግን የምትውል ሰው ነህና የማያሳብቅ ስልክ ካለ ንገረኝ፤ ዋጋው የማይጎዳ፣ ያገለገለም ቢሆን። እንደ ልማድህ ጉንዳን የመሰለ ጽሕፈት ብትጽፍም ግድ የለም፣ ለእሱ ዘዴ አለኝ።

እህትህ ፋዲላ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፋዲላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ሱቅዎን የበረከት ያድርግልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በቤትዎ እየበላሁ ሦስት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝና ደስታዎ ደስታዬ ነው። አላህ ኸይሩን ይምረጥልዎ።

የማያሳብቅ ስልክ የሚባል የለም። ትንሽ የሚያሳብቅ ግን አለ። ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ተጭኖበት ነው። ሲስተሙ ገና ከመብራቱ ኢሜይል አምጡ ይላል፣ ከዚያ የዋሉበትንም ያነሱትንም ፎቶ ወደዚያ ይልካል። ይህን አንሥቶ በምትኩ ኢሜይል የማይጠይቅ፣ የሰውን ነገር የማይሰበስብ ሌላ ሲስተም መጫን ይቻላል። በነጻ ነው። ችግሩ ሁሉም ስልክ አይቀበለውም፤ አብዛኛው ከውስጥ ተቆልፏል። ለእርስዎ የሚሻለው ፒክስል የሚባለው ነው። አዲሱ ውድ ነው፤ ያገለገለ «ሲክስ ኤ» ግን ይበቃዎታል። ከእሱ ወደ ኋላ አይሂዱ፣ ለአሮጌዎቹ አፕዴት የሚሉት ማደሻ መላክ ቆሟል።

ሲገዙ ካርቶንና ሽፋን አይዩ። ሴቲንግ ገብተው «ስለ ስልኩ» ከሚለው መጨረሻ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ይንኩት። ተደብቆ የነበረ ማውጫ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚል መስመር አለ፤ ያልኩዎት የውስጥ ቁልፍ መክፈቻው ነው። ኢንተርኔት አገናኝተው ማብሪያውን ይሞክሩት፤ ከበራ ይግዙ፣ ደብዝዞ እምቢ ካለ ሻጩ ቢምልም ይተዉት። እንዲህ ያለው አንዳንድ የውጭ አገር ቴሌ ለደንበኛው ሲሸጥ ለዘላለም የቆለፈው ነው፤ መልኩ ከሌላው አይለይም። የቀድሞው ባለቤት ኢሜይልም አለመቅረቱን ይዩ። ጀርባውን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ካበጠ ባትሪው ሞቷል። አጫጫኑን ለብቻው ጽፌ አያይዣለሁ። ከፈለጉ ግን እኔ ከዚህ ገዝቼ ልላክልዎት።

ለማወቅ ያህል፦ ይህ መሐመድዘይን ቡልቡላ ቤት አለው? ሻሹን ለእህቴ ነው ያለዎት፣ እህቱን አይተዋት ያውቃሉ?

ስለ ውክልናው ትንሽ ይታገሱኝ። አልከለከልኩም፤ አልፈቀድኩምም።

ወንድምዎ ኡበይደላ


አዳማ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይደላ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ? እኔ አላህ ይመስገን፣ እግሬ ብቻ ሞቷል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከዚያ አትላክልኝ። የመጀመሪያውን ስልክ ገዝቶ የሰጠኝ ወንድ ነው፤ ውጤቱን እያየን ነው። ይሄኛውን በራሴ እጅ እገዛለሁ ብዬ ዛሬ ጠዋት ፍራንኮ ስልክ ቤቶቹ ጋ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልኝ ማብሪያው ደብዝዟል። «ወላሂ ይከፈታል» አለ። «አንተ ማል፣ እኔ እሄዳለሁ» ብዬው ወጣሁ። የሁለተኛው ሱቅ ስልክ የማላውቃት የፈረንጅ ሴት ኢሜይል ውስጡ ተቀምጧል፤ የሰው ጎጆ ገብቼ ምን እሠራለሁ። ሦስተኛው ራህመቶ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው።

«ሲክስ ኤ አለህ?»

«አለኝ እናቴ፣ ለዛውም ከነካርቶኑ!»

«ካርቶኑን ተወው፣ ስልኩን ስጠኝ።»

ወንበር ስቤ ቁጭ። ገባሁ፣ ታች ወረድኩ፣ ነካ ነካ ነካ።

«እናቴ ምን እየፈለግሽ ነው? ካሜራውን አታይም እንዴ?»

«ካሜራ አልፈልግም።»

«ድምፁንስ? ዘፈን ልክፈትልሽ?»

«ዘፈንም አልፈልግም።»

«ታዲያ ስልኩ ምን እንዲያደርግልሽ ነው?»

«ዝም እንዲል!»

ሰባተኛዋን ስነካ ማውጫው ተከፈተ። ራህመቶ ደነገጠ፤ ይሄኔ አንቺ ማለቱን ተወ። «ይቅርታ እናቴ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለኝ። የንግድ ፈቃዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ! ኢንተርኔት አገናኘሁ፣ ማብሪያውን ነካሁት፣ በራ። ጀርባውን ዳሰስኩ፣ ልሙጥ ነው። ገዛሁት።

ገዛሁት፣ ግን አልጫንኩበትም። አልጭንበትምም። ምክንያቱን ስማ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ትናንት ዓርብ አብዱልጀባር ከጁምዓ መልስ ሱቄ ገባ፣ ሻሾቹን እየነካካ «ስልክሽ ምን ጎድሎት ነው ሌላ የምትፈልጊ?» አለኝ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «የአጎትሽ ልጅ እንኳ አልከለከልኩም፣ አልፈቀድኩምም ብሎሻል፤ እሱ ያላመነውን ሰው አንቺ በምን አመንሽው?» አለ።

ቃል በቃል፣ ኡበይዴ! የራስህን ቃል ከአፉ ሰማሁት!

ይህን ቃል የሚያውቅ የጻፍከው አንተ፣ ያነበብኩት እኔ፣ የተሸከመችው በድሪያ። እኔ ለነፍስ አልነገርኩም። በድሪያን ጠየቅኳት። «የተጣበቀ ፖስታሽን በጥርሴ ነው የከፈትኩት? ከዛሬ ወዲያ እርግብ ፈልጊ!» ብላ በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው። የሃያ ዓመት ጎረቤቴን አስቀየምኩ።

አንተ ትቀራለህ። አንተ ነህ እንዴ? ስለ ቡልቡላ መጠየቅህስ ምንድን ነው? ማን ጠይቅ አለህ? ከአብዱልጀባር ጋር የምትነጋገር ከሆነ ንገረኝ። አንተ ጫኚው ያልከኝን ሲስተም ከመጫኔ በፊት አንተን ማወቅ አለብኝ።

ፋዲላ


አዳማ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኡበይደላ፣

በድሪያ እግሯ ላይ ወድቄ ታርቃኝ ዱባይ ሄዳ ነበር፤ ባዶ እጇን መጣች። «ሱቁ ድረስ ሄድኩ፣ ሰላም በይልኝ ብቻ አለኝ፤ ፊቱም ደስ አይልም» አለችኝ። ሰላም በይልኝ! ወረቀት ጠፍቶ ነው?

ዝምታህ መልስ እየሆነብኝ ነው። እስከ ትናንት ድረስ የጠረጠርኩትን ልቁጠርልህ። ስልኩን፣ በድሪያን፣ አንተን፣ የሱቄን ግድግዳ፤ ትናንት ደግሞ መሐመድዘይንን። ሻዩን ይዞ እንደተቀመጠ «ከአብዱልጀባር ጋር ትተዋወቃላችሁ?» አልኩት። ኩባያውን አስቀመጠ። «ፋዲላ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ፍተሻ ኬላ ነው የምታይኝ። እኔ ዓሣ ነው የምጭነው፣ ሌላ የጫንኩት የለም» አለኝ። ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። ተነሥቶ ሄደ፤ ዛሬ የባቱ መኪና የሚገባበት ቀን ነበር፣ እሱ ግን ሱቄ ሳይገባ አለፈ።

ይህ ሰው ከእጄ እየወጣ ነው፣ ኡበይዴ። ክፉ ከሆነ ይውጣ። ደግ ከሆነ ግን በገዛ እጄ ነው ያባረርኩት፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም። አንተ የምታውቀው ነገር አለ። ውክልናውን ባትሰጠኝ እንኳ እውነቱን ስጠኝ።

ፋዲላ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፋዲላ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት አይለይዎ። ዝም ያልኩት ንቄ አይደለም፤ የምጽፈው ቢጠፋኝ ነው። የጻፍኩት ሁሉ አብዱልጀባር ጆሮ ከደረሰ በምን ልንገርዎ?

እውነቱ ይህ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት አብዱልጀባር ደወለልኝ። «መሐመድዘይን የሚባለው ሰው ቡልቡላ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ፋዲላን እያታለላት ነው። ወሊዋ አንተ ነህ፣ እንዳትፈርም። ለእሷም እኔ ነገርኩህ እንዳትል» አለኝ። አላመንኩትም። ፎቶ ላከልኝ። አሳትሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሰውዬው ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ ከጎኑ ሴት፣ ከፊት ሦስት ሕጻናት። ይህን አይቼ እንዴት ልፈርም? ሳላጣራስ እንዴት ደስታዎን ላፍርስ? ስለዚህ ዙሪያውን ስጠይቅ ከረምኩ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለአብዱልጀባር ግን ስለ ደብዳቤዎቻችን አንድ ቃል አልነገርኩም። ይህን በልጆቼ እምልልዎታለሁ።

በድሪያንም አይጠርጥሯት፤ የእርስዎን ፖስታዎች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፣ ማጣበቂያቸው አልተነካም። ወረቀት ደግሞ በራሱ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ «ጉንዳን የመሰለ ጽሕፈት ብትጽፍም ግድ የለም፣ ለእሱ ዘዴ አለኝ» ብለው ነበር። ዘዴው ምንድን ነው?

እኔ የገመትኩት ከሆነ፣ ስልክ ቤቱ ያን ጊዜ የከፈተው ኢሜይል የእርስዎ አይደለም፤ የአብዱልጀባር ነው፣ ወይም የሁለታችሁ። አገራችን ላይ አንድ ኢሜይል ለመላ ቤተሰብ እንደሚያስገቡ አውቃለሁ፣ እኔም በተማሪነቴ አድርጌዋለሁ። ያ ኢሜይል የገባበት ስልክ ያነሣው ፎቶ ሁሉ በሌላውም ስልክ ይታያል። የተላከልዎትም ጭምር። አዲሱ ስልክ ላይ ሲስተሙን ጭነው ያንኑ ኢሜይል ካስገቡበት ደግሞ፣ ሌባ ሸሽቶ ቤት ሲቀይሩ ሌባውን ከነአልጋው ጭኖ እንደመሄድ ነው።

ደብዳቤውን ከማንበብዎ በፊት ያንን ስልክ ከክፍሉ እንዲያወጡት ለበድሪያም በቃል ነግሬያታለሁ።

ኡበይደላ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኡበይዴ፣ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለቤትህ፣ በሰላም ዋልልኝ! እኔን ምን ይሻለኛል!

ዘዴዬ ያው ያሰብከው ነው። መነጽር ካላደረግኩ ጽሕፈትህ አይታየኝም፣ መነጽሩም ከተሰበረ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤህን በስልኬ ፎቶ አነሣና በሁለት ጣቴ ሳብ አድርጌ አሳድጌ አነባለሁ። የራሴንም፣ ምን እንደጻፍኩ እንዳልረሳ፣ ከመላኬ በፊት አነሣዋለሁ። ስልኩን ፈርቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ወረቀቱን ደግሞ አምጥቼ ለስልኩ አሳየሁት! የላንጋኖን ውሃ፣ የቡልቡላን ገበያ፣ ሁሉንም ሳነሣ ነው የከረምኩት። ይህን የመጨረሻውን ግን በድሪያ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ስልኩ በሽንት ቤቱ መስኮት ላይ ነበር።

ፎቶውን ሳይ ደግሞ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ሴትየዋ ቢሊሴ ናት፣ ቡልቡላ ያገባች ታናሽ እህቱ፤ ልጆቹም የእሷ ናቸው! ያደረገችው ሻሽ ያ ሦስት ጊዜ የተመላለሰው፣ ከገዛ ሱቄ የወጣው ነው። ባለፈው መስከረም «በመጨረሻ ቀለሙ ሆነላት» ብሎ በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ ነው። ለእኔ ብቻ! ታዲያ አብዱልጀባር ከየት አመጣው? ከኔው ስልክ።

ቢሆንም ልቤ ብቻ አይበቃም ብዬ ፈተንኩት። ወረቀት ላይ «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሞጆ፣ መነኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ፣ ማንም እንዳያይህ» ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አይደለም። በዚያ ስልክ ፎቶ አነሣሁት፣ ወረቀቱን ቀድጄ ምድጃ ከተትኩት።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አብዱልጀባር ሱቄ ገባ። ጫማው አቧራ፣ ፊቱ ከሰል የመሰለ። በድሪያ ጥጉ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች፤ እንድትሰማ ነው ያስቀመጥኳት።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆምሽኝ» አለ።

«የት ነው የቆሙት ጋሼ?»

«ሞጆ ነዋ!»

«ማን ሞጆ ይምጡ አለዎት?»

በድሪያ «ወይ ጉድ!» አለች፤ አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ሞጆን ያየው ስልኬ ብቻ ነው» አልኩት።

ተቀመጠ። ወላሂ ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «መጀመሪያ በራሱ ነው የመጣው» አለ። «አንድ ቀን ስልኬን ብከፍት ሻሾችሽ ተደርድረውበታል። ተበላሸ ብዬ ላሠራው ነበር። ከዚያ… ወንድሜ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ፋዲላን አደራ ብሎኛል።»

«አደራ ማለት ደጄን መጠበቅ ነው ወይስ ጓዳዬን መፈተሽ?»

«ነግሬሽ ብትዘጊውስ? ከዚያ በኋላ ደህንነትሽን በምን አውቃለሁ?»

«በመጠየቅ ነዋ ጋሼ! አፍ የተሰጠን ለምንድን ነው? ቢሊሴንስ ሚስቱ ናት ብለው ከመላክዎ በፊት ይቺ ማናት ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽ ‘ፎቶውን የት አዩት?’ ትይኛለሻ» አለ።

ይህን ሲል ንዴቴ ግማሹ ከላዬ ወረደ። ሰውየው ራሱ ባጠመደው ገመድ ተይዞ ነው የከረመው። ያየውን ቢያወራ ይጋለጣል፣ ዝም ቢል ይታመማል፤ ያላወቀውን እየገመተ አንተን አሳሳተ፣ እኔን አሳበደ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ሊያጠፋልኝ ጀመረ። «ይተዉት፣ በአንዴ የሚጠፋበት አለ» ብዬ ራሴ አጠፋኋቸውና ኢሜይሉን ከስልኬ አወጣሁት፤ ስልኩንም በወረቀትህ እንዳስተማርከኝ ያለበትን ሁሉ አጥፍቼ አጠብኩት።

ቅዳሜ አዲሱን ስልክና በድሪያ በትልልቅ ፊደል የገለበጠችልኝን ያንተን የአጫጫን ወረቀት ይዤ ራህመቶ ጋ ሄድኩ። «ኮምፒውተርህን ለአንድ ሰዓት አከራየኝ፣ አንተ ግን ፊትህን አዙር» አልኩት። «በገዛ ሱቄ?» «በገዛ ሱቅህ!» ገመዱን ሰካሁ፣ ያልከኝን አንድ በአንድ እያነበብኩ ተጫንኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ለዚህ ኖሯል! ስልኩ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ፤ ልቤም አብሮ። በመጨረሻ መልሰው ይቆልፉት ያልከውን ቆለፍኩት። «ሌላ ሲስተም ተጭኖበታል» ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ አልደነገጥኩም፤ አይደንግጡ ብለሃላ። ኢሜይል ሳይጠይቀኝ ባዶ ጥቁር ገጹን ከፈተልኝ። ራህመቶ ዞር ብሎ አየና «አሁን ይሄ ስልክ ነው? ምንም የለበትም እኮ!» አለ። «ልክ ነህ፣ ምንም የለበትም» አልኩት። በነጋታው ለሚስቱ እንዲህ ያለውን ልጫንላት ብሎ ወረቀቱን ለመነኝ፤ አልሰጠሁትም፣ እኔው እጭንላታለሁ።

ስሞቹን በእጄ አንድ በአንድ አስገባሁ። መጀመሪያ የደወልኩት ለመሐመድዘይን ነው። «የፍተሻ ኬላው ተነሥቷል» አልኩት። «ጭነቴ ዓሣ መሆኑ ተረጋገጠ?» አለኝ። ሰኞ፣ ማለት ዛሬ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

አሁን ልመናዬን ስማ፣ አትቆጣ። ውክልናህን ላክልኝ፤ ወኪሉ ግን አብዱልጀባር ይሁን። አብደሽ ነው ትለኛለህ። በስውር ሲያየኝ የኖረ ሰው እስቲ በአደባባይ ቆሞ፣ ሰው እያየው ይዳረኝ። ያኔ አደራውን ይወጣል፣ እኔም ቂሜን እወጣለሁ።

እህትህ ፋዲላ


ሻርጃ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ፋዲላ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ልማድ ሆኖብኝ እኔም አጣራሁ። ወይዘሮ ቢሊሴን በባቱ ሰዎች በኩል አግኝቼ ደወልኩላት። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ብላ በሰላምታ ጀምራ ግማሽ ሰዓት ወንድሟን አማችልኝ፤ ያኮርፋል፣ ጨው ያበዛል፣ ሻሽ መግዛት አያውቅም። ሌላ ሴት ግን አላማችም። ባለቤቷንም አነጋገርኩ። ሰውዬው እንደነገረዎ ነው።

ስለ አብዱልጀባር ሃሳብዎ ሦስት ቀን ተበሳጭቼ ነበር። ዋፊቃ «አንተም እኮ ሁለት ወር ደብቀሃታል» አለችኝ። ውክልናውን ፈርሜ፣ በሁለት ምስክር አስፈርሜ አያይዣለሁ። እሱ ይዳርዎት። እኔ ግን አሁንም ዐይኔን ከእሱ አላነሣም።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከማንም የሚደብቅ ጋሻ አድርገው እንዳይቆጥሩት። የሲሙ ባለቤት ድርጅት ለማን እንደደወሉ ያውቃል፤ የላኩለት ሰውም የላኩትን ለሌላ ሊያሳይ ይችላል። ስልኩ ከራሱ አፍ አያወጣም፣ የእሱ ድርሻ ይኼው ነው። ማደሻ ሲመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀበሉት። ደግሞ በአላህ ይሁንብዎ መነጽር ይግዙ።

ወንድምዎ ኡበይደላ


አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኡበይዴና ለዋፊቃ፣ ለልጆቹም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ አላህ ያፈቀራችሁትን ሁሉ ያኑርላችሁ።

ይህን የምጽፈው መነጽር አድርጌ ነው፤ ጉንዳኖችህ ለካ ቆንጆ ፊደል ኖረዋል።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሁድ ከባቱ መጡ፣ አምስት ሆነው። አብዱልጀባር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በር ላይ ተቀበላቸው። ውክልናህን ስሰጠው ሁለቴ አነበበውና «እኔን?» አለ። «እርስዎን» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ልጃችንን ተቀበሉን ሲሉ እንደ ደንቡ «አስበን እንነግራችኋለን» ማለት ሲገባው፣ «አስቤ ጨርሻለሁ፣ ሰጥቻለሁ!» ብሎ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ በድሪያ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሁሉም ፊት፣ «ፋዲላ፣ ይህን ሰው ወደሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ መልሱን ሳያውቅ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ወድጄ ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ።

መሐመድዘይን ከረመዳን በፊት ይሁን አለ፣ እኔም በልቤ ነገ ቢሆን እያልኩ «እሺ ይሁን» አልኩ። ምሳው እዚሁ አዳማ ነው። ዓሣው ከሙሽራው፣ ሻሹ ከሙሽሪት። የባቱም የቡልቡላም ሰው ይመጣል፤ ቢሊሴ ከሦስቱ ልጆቿ ጋር ከዋዜማው ትገባለች። ራህመቶን ከነሚስቱ ጠርቼዋለሁ። አለቃዬ ፈቃድ አልሰጠኝም፣ ቲኬት ውድ ነው የሚል ነገር ከአንተ መስማት አልፈልግም፤ ዋፊቃንም ልጆቹንም ይዘህ ና፣ በድሪያም በረራዋን ከእናንተ ጋር አድርጋዋለች። የቀረ ዘመድ እንዳይኖር፣ ለሁሉም በእጅህ ጻፍላቸው፤ ቀኑ እሁድ፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።